የሙሀባ እጅ

ጥቅምት 12፣ 2017

ሸዋ ሮቢት በቀትር ሰው አይታይባትም። ባጃጆቹ ሳይቀሩ ጥላ ፈልገው ይተኛሉ። እኔም ወናፉን አቁሜ፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው። በዚህ ሰዓት ከሰል አጠገብ የሚቀመጥ እብድ ብቻ ነው።

ደብተሩን የጀመርኩት ተናድጄ ነው። ጠዋት አንዲት ሴት ከአጣዬ መጣች። ገና ሳትቀመጥ እጇን ዘረጋችልኝ። አንጓዋ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኗል። "የሙሀባ አምባር ነው ብለው ነው የሸጡልኝ። እናትሽ እንዲህ ያለ ስራ ጀመሩ?" አለችኝ። አምባሩን ተቀብዬ ውስጡን ገልብጬ አየሁት። ሦስት ነጥብ አለው። የእናቴ ምልክት! ግን በማሽን የተፈለፈለ ነው፤ በመዶሻ የተመታ አይደለም። ብሩም ብር አይደለም፤ ነሐስ ላይ የተቀባ ነገር ነው።

የእናቴ እንዳልሆነ ማልኩላት። ትመነኝ አትመነኝ እንጃ። አስተያየቷ ግን እስካሁን ከፊቴ አልሄደም።

ስለዚህ ቆረጥኩ። ስሙንም ምልክቱንም በመንግስት መዝገብ አስመዘግባለሁ። "ሙሀባ" ተብሎ፣ ከስሩ ሦስት ነጥብ። ከዚያ በኋላ የሚያስመስል ይምጣና እንተያያለን።

እናቴ ስትሰማ ሳቀች። "ስራው የአባትሽ ነው። እኔ እቃ አቀባይ ነበርኩ" አለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለው። አባቴ አብዱልመሊክ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ አሁንም "አብዱልመሊክ የብር ስራ" ይላል። እኔ ግን በልጅነቴ ያየሁትን አልረሳም። የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። መዶሻውን የምትይዘው እሷ፣ ገበያ የሚወጣው እሱ ነበር። አሁን እሷም ዓይኗ ደከመና መዶሻው ለእኔ ደረሰ።

ረፋዱ ላይ ወንድሜ ሱፍዋን ሱቅ ሄድኩ። ፎቶ ኮፒና የስልክ እቃ ቤት ስላለው የወረቀት ነገር ለእሱ ነው የምንተወው። ስሙ በሌላ ሰው ተይዞ እንደሆነ አጣራልኝ አልኩት። ስልኩ ላይ "ሙሀባ ጌጣጌጥ" ብሎ ጻፈ፤ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። "ማንም አልያዘውም። ነፃ ነው" አለኝ። ይኸው ነው? እንዲህ ቀላል ከሆነ እስከዛሬ ምን ስንጠብቅ ነበር? የምልክቱን ሥዕል በደንብ ሥዬ ሰጠሁት፤ ማመልከቻውን እሱ ይልካል።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

እናቴ እምቢ አለች። "ስም ያለ ዱዓ አይወጣም። ልጅ እንኳ ዱዓ ተደርጎለት ነው ስም የሚወጣለት" አለች። "እማ፣ ይሄ እኮ የመንግስት ወረቀት ነው" ብላት "መንግስትም የአላህ ነው" ብላ ዘጋችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈልጌዋለሁ። በእናቴ ስም ሰው ሲሰበሰብ ማየት ፈልጌ ነበር።

ከጁምዓ በኋላ ግቢያችን ሞላ። አርባ ሰው ይሆናል። ሼህ ሰዲቅ መሀል ተቀመጡ። ስሙን በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከስሩ ሦስት ነጥብ በአንድ መስመር አድርጌ ነበር። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው "ይህ ስም ሲሳይ ይሁናችሁ፤ ከሚመኘው ዓይን አላህ ይጠብቀው" አሉ። ግቢው "አሚን" አለ። ከሁሉም የጣሪቅ ድምፅ በለጠ። የሱፍዋን የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አዲስ አበባ ጌጣጌጥ ሱቅ አለው፤ አንዳንዴ ከእኛም አምባር ይወስዳል። ለዱዓው ብሎ ከአዲስ አበባ መጣ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ለማስታወሻ ፎቶ አነሳው። ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆና "አሜን" አለች። ኋላ ወጣ ስል ጠራችኝና፣ "አንቺ ልጅ፣ የኛ ሰው ማርገዟን እንኳ ሆዷ እስኪገፋ ትደብቃለች። አንቺ ገና ያልተወለደውን ለአርባ ሰው አሳየሽ?" አለችኝ። ሳቅኩባት።

ጥቅምት 24

ስራ። ስራ። የማሾ ምርት ተሸጦ ሰርግ በየቀበሌው ነው። ስድስት ጥንድ አምባር፣ ሁለት የአንገት ድሪ። የግራ አውራ ጣቴን አቃጠልኩ። ሱፍዋን ማመልከቻውን ነገ እልካለሁ አለ። ትናንትም ነገ ብሎ ነበር።

ኅዳር 8

ሱፍዋን ዓርብ ዓርብ እናቴ ጋ ነበር ምሳ የሚበላው። ሦስት ዓርብ ቀረ። ስራ በዝቶበት ነው። አዲስ ፎቶ ኮፒ ማሽን አስገብቷል፤ ትልቅ፣ ባለ ቀለም፤ ሱቁን ግማሹን ይዞታል። እቁብ ደረሰኝ አለኝ። እቁብ እንዳለው አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። አጣዬ የነበረው ሱቁና ቤቱ ከተቃጠለ ወዲህ እንዲህ ያለ እቃ ሲገዛ አይቼው አላውቅም። ሚስቱን ዙሀራን እንኳን ደስ ያላችሁ ብላት መሬት መሬት አየች። ዝምተኛ ናት፤ የአሊዩ አምባ ልጅ።

ማመልከቻው ገና አልሄደም። መጨቅጨቅ አልወድም፤ ግን ወር ሊሞላው ነው።

ኅዳር 16

ሱፍዋንን መጠበቅ ሰለቸኝና ራሴ ደወልኩ። አዲስ አበባ የንግድ ምልክት ወኪል የሆነች ወይዘሮ ብርቱካን የምትባል ሴት ቁጥር ከደንበኛ አገኘሁ።

"ስሙ መያዝ አለመያዙን የት ነው ያጣራችሁት?" አለችኝ።

"ወንድሜ ስልኩ ላይ አይቷል።"

"የኔ እህት፣ ኢንተርኔት ላይ ስላጣሽው መዝገብ ላይ የለም ማለት አይደለም። ዛሬ ጠዋት ያመለከተ ሰው ስልክሽ ላይ አይመጣም፤ መዝገቡ ላይ ግን ይቀድምሻል። ደግሞ ያንኑ ቃል ብቻ አይደለም የምንፈልገው። በድምፅ የሚቀራረበው፣ በመልክ የሚመሳሰለው፣ ሥዕሉ ሁሉ ይታያል። ለየትኛው እቃ እንደተያዘም ይታያል። ሙሀባ የሚባል ሳሙና ቢኖር አንቺን ላይነካሽ ይችላል። ሙሀባ የሚባል የእጅ ሰዓት ካለ ግን ይነካሻል፤ ጌጣጌጥና ሰዓት አንድ ክፍል ናቸው።"

ይህን ለእናቴ ስነግራት "ሰዓት? እኔ የሶላት ሰዓት እንኳ በጥላ ነው የማውቀው" አለች።

ፍተሻውን በስርዓቱ አስገባልሻለሁ አለችኝ ብርቱካን። ድምጿ ደረቅ ነው፤ ግን ያልጠየቅኳትንም አስረዳችኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ስልክ ላይ ያየነው ነገር ዋጋ እንደሌለው ማንም አልነገረኝም ነበር። አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው።

ኅዳር 26

ተይዟል።

"ሙሀባ"። ከነሦስት ነጥቡ። ለጌጣጌጥና ለሰዓት። አመልካቹ ጣሪቅ። ያመለከተው ጥቅምት 21።

ከዱዓው በኋላ ስድስት ቀን።

ነገ እጽፋለሁ።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

አሚን ብሎ! እናቴ ግቢ ተቀምጦ፣ እናቴ የሰራችውን በልቶ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አሚን ብሎ!

እሱን ስሰድብ አረፈድኩና ቀትር ላይ ወደ ራሴ ዞርኩ። ጅል ነኝ። ስሙን ጽፌ፣ ምልክቱን ሥዬ፣ በገዛ እጄ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አስገብቼ፣ ደረሰኝ ይዤ፣ ከዚያ ዱዓ ባስደርግ ምን ነበረበት? አላህ ደረሰኝ አይጠላም። እትዬ ወርቅነሽ ነግራኝ ነበር። ዛሬ ሰምታ መጣችና "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለችኝ። ቆየችና ደግሞ "ያም ሆኖ ጩሂ፤ ዝም ከማለት ይሻላል" አለች። ሽንኩርት ከምትደረድርበት ሳጥን አንዱን ገልብጣ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም።

የአጣዬዋ ሴት አምባር ከየት እንደመጣም አሁን ገባኝ። በእናቴ ስም ነሐስ ቀብቶ መሸጥ የጀመረው ድሮ ነው። አሁን ህጋዊ ሊያደርገው ነው። ከተመዘገበለት እኔ የእናቴን ምልክት መምታት አልችልም። ብርቱካን በግልፅ ነገረችኝ፦ እሱ ይከሰኛል እንጂ እኔ አልከሰውም።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ብርቱካን የማመልከቻውን ሥዕል በስልክ ላከችልኝ። በዱዓው ወረቀት ላይ ነጥቦቹን በአንድ መስመር ነበር የጻፍኳቸው። እሱ ያስገባው ግን ሦስተኛው ዝቅ ያለ ነው፤ እናቴ እንደምትመታው፣ ለሱፍዋን ሥዬ እንደሰጠሁት። ከየት አገኘው? ከእኛ ከወሰዳቸው አምባሮች ላይ አይቶ ይሆናል። ከዚያ ነው የሚሆነው።

ለእናቴ ነገርኳት። "አርባ ሰው አሚን ያለበት ስም የት ይሄዳል?" አለች።

"አዲስ አበባ ሄዷል እማ።"

አልሳቀችም። እኔም ለማሳቅ ብዬ አልነበረም።

ታኅሣሥ 3

ጣሪቅ ስልኩን አነሳ። አላፈረም።

"ዙልፋ እህቴ፣ ምን አስቆጣሽ? ስሙን የጠበቅኩላችሁ እኮ እኔ ነኝ። ሌላ ቢወስደውስ?"

"እንግዲያው መልስልን።"

"እሱ ሂደት አለው። አንቺ ዝም ብለሽ ስሪ። የሰራሽውን ሁሉ ለኔ ታመጫለሽ፤ ስሙ አለ፣ ሱቁ አለ። የምታጪው ነገር የለም።"

"በእናቴ ስም ያንተ ቅጥረኛ ልሁን?"

"ምን ቅጥረኛ ትያለሽ፣ ቤተሰብ አይደለንም?"

"ያን ቀን አሚን ያልክበትን ምላስ አላህ ይጠይቅህ" ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ መዶሻ አነሳሁና የሰው አምባር ቀጥቅጬ አሳሳሁት። እንደገና ላቀልጠው ነው።

አልሰራለትም። ሽንኩርት እሸጣለሁ እንጂ አልሰራለትም።

ታኅሣሥ 9

ሱፍዋን መጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ዓይኑን የማየው። ከስቷል።

"ሌላ ስም አውጪ። ስም ይጠፋል? 'ይፋት ጌጥ' በዪው፣ 'ዙልፋ' በዪው" አለኝ።

"ምልክቱስ?"

"አራት ነጥብ አድርጊው።"

"አንተ የልጅህን ስም ቀይር ብትባል ትቀይራለህ?"

እናቴን ሳይሰናበት ሄደ። ጣሪቅ ጓደኛው ስለሆነ በሁለታችን መካከል ገብቶ ተጨንቋል፤ እረዳዋለሁ። አጣዬ ሁሉ ነገሩ ከተቃጠለ በኋላ ጠብ ያስፈራዋል።

ታኅሣሥ 17

የጣሪቅ ማመልከቻ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የሚቃወም ካለ በስልሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል። እስከ የካቲት 17 ማለት ነው። ጋዜጣውን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እሳት ስነፋ ፊት ለፊቴ ነው።

ብርቱካን፦ "ምስክር አለሽ?"

"አርባ ሰው ሊምልልኝ ዝግጁ ነው።"

"መሐላቸውን አይደለም የምፈልገው። አርባው የሚያውቁት የጥቅምቱን ነው፤ እሱ ደግሞ ያመለከተው በስድስት ቀን ልዩነት ነው። እናትሽ በዚህ ስም ከእሱ በፊት ዓመታት እንደሰሩ የሚያሳይ ቀን ያለው ወረቀት አምጪ። ደረሰኝ፣ ውል፣ ማስታወቂያ፣ ምንም።"

ደረሰኝ! እናቴ መጻፍ አትችልም። አባቴ ቢችልም አምባር በደረሰኝ ሸጦ አያውቅም። አምባሮቹ ላይ ነጥብ እንጂ ቀን የለም። ሰሌዳችንም የአባቴን ስም ነው የሚለው። እናቴ ሰላሳ ዓመት መዶሻ ስትመታ በወረቀት ላይ የለችም ማለት ነው?

ታኅሣሥ 28

መሬት ተንቀጠቀጠች። አሁንም ደግማ ደጋግማ ትንቀጠቀጣለች። ጉጠትና ሞረዱ ከግድግዳው ወደቁ። ውጭ ነው የምናድረው። እናቴ ከቤት ስትወጣ ያንጠለጠለችው አንድ ነገር ነው፦ ሦስቱን ነጥብ የምትመታበትን ብረት። ዓይኗ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ብረቱን ግን በጨለማ አገኘችው። "እቃ አቀባይ ነሽ አይደል?" አልኳት። "ዝም በይ" አለችኝ።

ጥር 5

ዛሬ የሆነውን ቀስ ብዬ ልጻፍ። ለሁለት ሰዓት ያህል አንድ ስራ አልሰራሁም።

ራሕማ የምትባል ሴት ከቀወት ገጠር መጣች። በዚያ መንቀጥቀጥ መደርደሪያው ሳጥኗ ላይ ወድቆ አምባሯ ተጣሟል። "እንደነበረ አድርጊልኝ። ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው" አለችኝና ከደረቷ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች።

የኒካህ ወረቀቷ ነው። ያገባችበት። ሴት ስትዳር ባሏ የሚሰጣት የመህሯ ዝርዝር እዚያ ይጻፋል። ይህን ማን አያውቅም፤ የኔም ቢሆን እንደዚያው ነው። ግን የብሩ ሰሪ ማን እንደሆነ እንደሚጻፍ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ራሕማ እንዳለችው እናቶች ናቸው የሚያስጽፉት፤ ኋላ ባል ወይ የባል ቤተሰብ ጥሩውን ብር በዝገት እንዳይለውጠው።

በሼህ ሰዲቅ እጅ፣ በ1998 ዓመተ ምህረት፣ እንዲህ ይላል፦ "አንድ ጥንድ የብር አምባር፣ የሙሀባ እጅ፣ ውስጡ ሦስት ነጥብ ያለበት።"

የአብዱልመሊክ አይልም። በ1998 አባቴ ቆሞ ይሄድ ነበር። ገበያ ላይ ሰው ሁሉ "የአብዱልመሊክ አምባር" እያለ ያደንቀው ነበር። ሴቶቹ ግን ነገሩ ሲጠነክር፣ ለልጃቸው መብት ሲሆን፣ የእናቴን ስም ነው ያስጻፉት።

አለቀስኩ። ራሕማ አምባሩ የማይጠገን መስሏት ደነገጠች።

ብርቱካን የወረቀቱን ፎቶ ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች፦ "ይሄ ነው! ሌላ አለ?"

ሌላ? የይፋት ሴት ሁሉ ያገባችው በወረቀት ነው።

ጥር 19

ሁለት ሳምንት አልጻፍኩም። መኪና ሲገኝ በመኪና፣ በባጃጅ፣ በእግር። መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ቀን የማላውቀው ቤት አደርኩ። እግሬ አብጧል።

ሁሉም በሩን አልከፈተልኝም። አንዱ ባል "የሚስቴን ወረቀት አይተሽ ልታፋቻት ነው?" አለኝ። "ካላሳየኸኝ ልትፋታህ እንደምትችል ነው የሚገባኝ" ብዬው መጣሁ። ሚስቱ ከጓሮ ተከትላ ደርሳ በመቀነቷ ይዛ ሰጠችኝ።

አሊዩ አምባ ላይ ማንበብ የማይችሉ አሮጊት የልጃቸውን የኒካህ ወረቀት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። "የሙሀባ እጅ" ስል አቋረጡኝ። "እኔ ነኝ ያንን ያስጻፍኩት" አሉ። "ጸሐፊው የአብዱልመሊክ ብሎ ሊጽፍ ሲል 'እሱ እንኳን መዶሻ ስኒ መያዝ አይችልም፣ ሀገር የሚያውቀውን አትሰውር' አልኩት።" ሀገር ያውቀው ነበር። አንዷ እናቴ ብቻ ናት አላወቅኩም የምትል።

አስራ አንድ ወረቀት አገኘሁ። ከሁሉም የቆየው የ1989 ነው።

ኮፒ ሱፍዋን ጋ ላስደርግ ሄድኩ። አዲሱ ማሽን ተበላሽቷል አለኝ። ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ከሱፍዋን ሱቅ ስወጣ ግን የማሽኑ መብራት ይበራ ነበር። አዲስ እቃ መቼም እንዲህ ነው፤ ቶሎ ያስቸግራል።

ጥር 23፣ ዓርብ

ብርቱካን ደስ ብሏታል፤ ግን ሙሉ አይደለም። "ስሙ ከድሮ ጀምሮ የእናትሽ መሆኑ በቂ ክርክር ነው። እሱ ግን 'እኔ አላወቅኩም፤ ስሙን በራሴ አሰብኩት፤ አምባር ከእነሱ የገዛሁት ያለ ደረሰኝ ነው' ሊል ይችላል። እያወቀ እንደወሰደ የሚያሳይ አንድ ነገር ብታመጪ ግን በቀላሉ አይላቀቅም።"

ለሱፍዋን ነገርኩት፦ "ያንተ ሰርግ ላይ እናቴ ለዙሀራ አምባር ሰርታ ነበር። የኒካህ ወረቀታችሁ የት ነው?"

"አጣዬ ተቃጥሏል" አለ። ቶሎ ነው የመለሰው። ያ ቀን ያሳጣን ነገር ብዙ ነው። ማንሳቴ ጸጸተኝ።

ጥር 30፣ ዓርብ

ሰዎቹ ጁምዓ ሲሄዱ ዙሀራ መጣች። እዚህ ሱቅ ብቻዋን መጥታ አታውቅም። በሩን ከኋላዋ ገፋ አድርጋ መቀነቷን ፈታች። ጫፉ ላይ ድርብ ስፌት አለ፤ በሞረዴ ጫፍ ተረተረችው። ውስጡ በአራት የታጠፈ ወረቀት።

"አልተቃጠለም" አለች።

"ሱፍዋን ግን..."

"እሱ አያውቅም። ኒካሄ ሲታሰር እናቴ 'ብርሽን ባልሽ ይወቀው፤ ወረቀትሽ ያለበትን ግን አይወቅ' አለችኝ። ከአጣዬ ስንሸሽ ልጄን በጀርባዬ፣ ይሄን በመቀነቴ ይዤ ነው የወጣሁት። አምባሩንማ በስደት ሸጠን በላነው። ወረቀት ማን ይገዛል?"

ዘረጋሁት። 2009። "አንድ ጥንድ የብር አምባር፣ የሙሀባ እጅ፣ ውስጡ ሦስት ነጥብ ያለበት።" ከስሩ የሁለት ምስክር ስምና ፊርማ። ሁለተኛው ጣሪቅ ነው። ፊርማው እንደ ድምፁ ትልቅ ነው፤ የወረቀቱን ጥግ ይዞታል። በዚያ ዓመት፣ በገዛ እጁ፣ ሦስቱ ነጥቦች የሙሀባ መሆናቸውን መስክሮ ፈርሟል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

"ከባልሽ ጋር ሊያጣላሽ ነው" አልኳት።

"የሚያጣላን ይሄ አይደለም። ያ ማሽን ቤታችን የገባው..."

"ተይው ዙሀራ። እቁብ ነው ብሎኛል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ቤተሰባችን ከገባች ጀምሮ እንዲህ ትክ ብላ አይታኝ አታውቅም። "እሺ" አለች፤ "እቁብ ነው።" መቀነቷን መልሳ ታጠቀች።

የካቲት 3

ሌላ ሱቅ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ወደ ሱፍዋን ሄድኩ።

"የቀለም ኮፒ ነው የምፈልገው። ፊርማው በደንብ እንዲታይ" ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

አየው። አነሳው። አገላበጠው። "ይሄ እኮ..." አለ፤ አልጨረሰውም። የገዛ ስሙን ከላይ፣ የጓደኛውን ፊርማ ከታች አየ። ማሽኑ ተበላሽቷል እንዲለኝ ጠበቅኩት። ቢለኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ መዶሻዬ ከረጢቴ ውስጥ ነበር።

አላለም። ክዳኑን ከፈተ፣ ወረቀቱን አስተኛ፣ ክዳኑን ዘጋ። መብራቱ ከስር ሲሄድ ፊቱ ላይ አለፈ። ኮፒው ወጣ። ጥሩ ማሽን ነው፤ የወረቀቱ እጥፋት ሳይቀር ይታያል።

"ስንት?" አለኝ።

"ሦስት።"

አራት አወጣ። ሦስቱን ሰጠኝ፤ አራተኛውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እሱም ወረቀቱን ማን እንደሰጠኝ አልጠየቀኝም። ልከፍል ብል እጄን ገፋው።

ሁሉም ነገር ዛሬውኑ ለብርቱካን ሄደ።

የካቲት 13

ብርቱካን ደወለች። ሳቅ ያፍናታል።

"ጣሪቅ ማመልከቻውን አነሳ። በፈቃዱ!"

"ተቃውሟችንን አይቶ?"

"የሚገርመኝ እሱ ነው። ገና መጥሪያ አልደረሰውም። ማን እንደነገረው አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ?"

"እንጃ" አልኳት።

መንገዱ ተለቀቀ፤ የኛን ማመልከቻ ዛሬውኑ አስገባችው። ማጣራቱና ማስታወቂያው ገና ቢቀርም ወረፋው የኛ ነው። ደረሰኙን በሹፌር ላከችልኝ። ከቀትር በኋላ ለሱፍዋን ልነግረው ሄድኩ። ትልቁ ማሽን ቦታው ላይ የለም። ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት ቀርቷል፤ አሮጌው ትንሿ ማሽን ተመልሳለች።

"የት ሄደ?"

"ለባለቤቱ መለስኩት" አለ። ከዚያ "ማለቴ... ለሸጠልኝ ሰው። ያስቸግራል" አለ።

አዲስ እቃ እንዲህ ነው አልኩት። ዓርብ ምሳ እናቴ ጋ እንዲመጣም ነገርኩት።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ጨረቃ ከታየች ነገ ረመዳን ነው። ለዚህ ነው የቸኮልነው። እናቴ "ያለ ዱዓ አይሆንም" ብላ ቆማ ነበር፤ እኔም በዚህኛው ጊዜ እሺ ለማለት አልዘገየሁም። ደረሰኙ እጄ ገብቷላ!

ግቢው እንደገና ሞላ። ራሕማ ከቀወት መጣች። የአሊዩ አምባዋ አሮጊት በሰው ጀርባ ደርሰው ከጥግ ተቀመጡ። እትዬ ወርቅነሽ ዛሬ ከአጥር ማዶ አልቆመችም፤ ገብታ ተቀመጠች። ሱፍዋን ከበሩ አጠገብ፣ ጫማው ካለበት። ከዙሀራ ጋር አይነጋገሩም፤ ግን አንድ ባጃጅ ውስጥ ነው የመጡት።

ሼህ ሰዲቅ እጃቸውን ዘረጉና "አላህ የአብዱልመሊክን ስራ..." ብለው ጀመሩ።

"የኔ ነው ሼሃችን" አለች እናቴ።

እናቴ በሰው ፊት ሼህ አቋርጣ አታውቅም። ዓይኗ ወዴት እንደሚያይ እንኳ አይታወቅም፤ አገጯን ግን ቀና አድርጋለች።

"እጁ የኔ ነው። አብዱልመሊክ አላህ ይማረውና ገበያ ነበር የሚወጣ። ሠላሳ ዓመት የመታሁት እኔ ነኝ።"

የአሊዩ አምባዋ አሮጊት ከጥግ "ይኸውልህ!" አሉ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ሼሁም ፈገግ ብለው "እኔ ራሴ እየጻፍኩ እዚህ ዘነጋሁት" አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፦ "አላህ የሙሀባን እጅ..."

ግቢው አሚን አለ። ከበሩ በኩል የሱፍዋንን ድምፅ ለየሁት። ከሁሉም ዝቅ ያለና ከሁሉም የዘገየ ነበር። ዞሬ አላየሁትም፤ ሲጨርስ ግን እኔም በልቤ አሚን አልኩ።

ሲበተኑ ብዙ ሰው ደረሰኙን አሳዪን አለኝ። ሳቅኩ እንጂ አላሳየሁም። የት እንዳለ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጽፍም።